ሰባቴ የታጠበ ሥር

ረቢአ ንጹሕ ሴት ነበረች ማለት እሷን ማሳነስ ነው። ንጹሕማ ብዙ ሴት አለ። ረቢአ ግን ታጥቦ የተሰጣትን ዕቃ መልሳ የምታጥብ፣ ያጠበችውንም "እንዲያው ምናልባት" ብላ የምትደግም ነበረች። ለሶላት ውዱእ ስታደርግ ክንዷን ሦስቴ ማጠብ ሲበቃት አምስቴ ታጥባለች፤ ስድስተኛውን የሚያስቀራት የማንቆርቆሪያው ውሃ ማለቅ ነው። ጎረቤቷ ሰዒዳ "ይቺ ሴት እኮ ውሃውንም አጥባ ነው የምትጠጣው" እያለች ቦርከና ወንዝ የወረዱትን ውሃ ቀጂዎች ሁሉ ታስቅባት ነበር። ረቢአ ሳቁን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ሰው የፈለገውን ይበል፣ እሷ ጌታዋ ፊት ቆሽሻ አትቆምም።

አላህ ይህችን ሴት ለማን ሰጣት ቢሉ ለሙሄ ሰጣት፤ እጁ ከአፈር ወጥቶ ለማያውቅ ገበሬ። ሙሄ ከማሳ ሲመለስ በር ላይ ታስቆመዋለች። ውሃ ታፈስለትና እግሩን፣ እጁን፣ ጥፍሩን ሳይቀር እያገላበጠች ታያለች፤ እጣቢውን ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ትደፋዋለች። "ረቢአ፣ እኔኮ የመጣሁት ከእርሻ እንጂ ከቀብር አይደለም" ይላታል እየሳቀ። እሷ አትስቅም። "አውራ ጣትህ ቀርቷል" ትለዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ልጅ አልተሰጣቸውም፤ ተፋቅረው ነበር ግን፣ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

አንድ ቀን ሙሄ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ሲመለስ ከአንድ ወዳጁ ጓሮ የነቀላትን የብርቱካን ችግኝ ይዞ መጣ። ይዞ የመጣው በእጁ ቢሆን ደግ ነበር። የያዘው ቅቤ ይዞበት ወደ ገበያ የሄደውን፣ ረቢአ ወተት የምትንጥበትን ቅል ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን አፈር ሞልቶ፣ ችግኟን መሃል ላይ አቁሞ ነው። ረቢአ ቅሉን ስታይ ዓይኗ ደም ለበሰ። ነጥቃው አፈሩን ደጅ ዘረገፈችው። ሙሄ ተንበርክኮ የፈሰሰውን አፈር እንደ ጤፍ እየለቀመ ወደ ጋቢው ጫፍ መለሰው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኟን ሲተክል ያንኑ አፈር በሥሯ ዙሪያ ጠቀጠቀው። "ይሄ የሷ ነው፤ ከቤቷ ይዛው የመጣችው" አላት። ረቢአ ለቅሉ ስታዝን ነገሩን ልብ አላለችውም።

ችግኟ ዛፍ ሆነች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማሽላው ገና ጉልበት እንደደረሰ ሲደርቅ፣ የጨፋ ከብት ሲረግፍ፣ ሙሄ በቀን አምስት ጊዜ ውዱኡን ከዛፏ ሥር ተቀምጦ ያደርግ ነበር። ሌላ የሚያጠጣት ውሃ የለውማ። ከክንዱና ከእግሩ የወረደችው ውሃ ወደ ሥሯ ትሰርጋለች። በዙሪያው ያለው ሁሉ አመድ ሲመስል እዚያች ቦታ ብቻ መሬቱ እርጥብ፣ ጥቁር፣ ሽታውም የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ ነበር። ከብት የሚጠብቀው ውሻቸውም ቅዝቃዜውን ወደደና እዚያው ጎድጓዳ ቆፍሮ መኝታው አደረገው። ረቢአ ከዚያ ወዲያ ዛፏ ጥላ ሥር ተቀምጣ አታውቅም። ውሻ የተኛበት ቦታ ነዋ!

ሰባ ስምንት በባተ ሰሞን ወባ ሙሄን በዘጠኝ ቀን ወሰደው። ወንዶቹ አስከሬኑን ሲያጥቡ ረቢአ ከመጋረጃው ማዶ ሆና እንባዋ እየወረደ "ጥፍሩን፣ አደራችሁን ጥፍሩን እዩልኝ" ትል ነበር። አዩላት፤ ንጹሕ ሆኖ ሄደ። ከቀብር በኋላ ግን አንድ ሐሳብ ይበላት ጀመር። ልጅ ያለው ሰው ሲሞት ልጁ ዱዓ ያደርግለታል። ሙሄ ማን አለው? ሌላው ለሙት የሚቀጥል ነገር ሰደቃ ነው፤ የተከለው ዛፍ ቆሞ ሰውም ወፍም ከፍሬው እስከበላ ድረስ ምንዳው ወደ መቃብሩ ይደርሳል። እንግዲህ የሙሄ ልጁም፣ ስሙም፣ ስንቁም ያቺ ብርቱካን ናት። ረቢአ ይህን ካሰበች ወዲያ ዛፏን በሩቁም ቢሆን በሌላ ዓይን ታያት ጀመር።

በሰባ ዘጠኝ የካቲት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንድሪስ ሕዝቡን ሰብስቦ የመንደር ምሥረታውን ነገር አስታወቀ። በየተዳፋቱ የተበታተነው ቤት ሁሉ ፈርሶ ከታች ሜዳው ላይ በመስመር ይሠራል። የለቀቁት መሬት ለአምራቾች ማኅበር ይሆናል፤ ትራክተር ይገባበታል፤ በማሳው መሃል ዛፍ የሚባል አይቀርም። ረቢአ እጇን አውጥታ "ብርቱካኗስ?" ብላ ጠየቀች። እንድሪስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንገቱን ደፋ። "ረቢአ፣ መመሪያ ነው" አላት።

ዛፏን ተሸክሞ መሄድ አይቻል። ከሥሯ ግን ሙሄ በኖረበት የመጨረሻ ዓመት ከወደቀው ፍሬ ዘጠኝ ችግኞች በቅለው ነበር። ስምንቱ ጉልበት ደርሰዋል፤ ዘጠነኛዋ ከስንዝር ያልበለጠች፣ የውሻው ጎድጓዳ አፋፍ ላይ የተለጠፈች ኮስማና ናት። ረቢአ ወሰነች። ስምንቱን በአዲሱ መንደር መስጊድ ግቢ ትተክላቸዋለች፤ በሙሄ ስም ሰደቃ ይሆናሉ፤ ሰጋጅ ሁሉ ፍሬውን በበላ ቁጥር ይመርቀዋል። ዘጠነኛዋ እንኳን ተነቅላ ተተክላ፣ ባለችበትም የምትኖር አትመስልም፤ ተወቻት።

አሁን ችግሩ መጣ። ችግኞቹ የበቀሉት ውሻ በተኛበት አፈር ነው። ያንን አፈር ይዛ መስጊድ ግቢ ልትገባ? ረቢአ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች እንጂ መልሱ ጠፍቷት አልነበረም። ውሻ የነካው ዕቃ ሰባቴ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር። ይህን በልጅነቷ ተምራዋለች።

ችግኞቹን ስትነቅል አፈሩ ከሥሮቹ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። በአፈሩ ውስጥ ከጸጉር የቀጠኑ ነጫጭ ክሮች ተሰራጭተው ነበር። "ሻጋታ!" ብላ ፊቷን አጨማደደች። ስምንቱንም አቅፋ ቦርከና ወረደችና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማጠብ ጀመረች። እየፈተገች፣ እየለቀለቀች፣ እየቆጠረች አጠበቻቸው። ሰዒዳ እንስራዋን አውርዳ ቆማ አየቻት።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ረቢአ! ደግሞ ዛሬ ዛፍ ታጥቢ ጀመር?"

"ለመስጊድ ናቸው።"

"ሜ፣ እባክሽ ተይ! እንዲያ ስትፈትጊው ሥሩ አለቀ እኮ።"

"ቆሻሻው ነው ያለቀው" አለች ረቢአ። አራተኛው ትጥበት ላይ ነበረች፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባት ሌላ አልተናገረችም።

አንዱን ትጥበት በወንዝ ዳር ደለል አሸቻቸው፤ ስድስቱን በውሃ። ሲያበቃ ሥሮቹ እንደታጠበ ጥጥ ነጡ። ረቢአ እንዲያ ደስ ያላት ቀን ጥቂት ነው። ሥራው ያማረለት ሰው የእጁን ሥራ ቆሞ እንደሚያይ ራቅ አድርጋ ያዘችና አየቻቸው። በዚያው ቀን በመስጊዱ ግቢ፣ በዚያ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መሬት ላይ፣ ስምንት ጉድጓድ አስቆፍራ ተከለቻቸው። ጧትና ማታ ውሃ ታጠጣለች።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቹ እንደ ዣንጥላ ተጣጠፉ። ረቢአ ውሃ ጨመረች። በስድስተኛው ቀን ቢጫ ሆኑ። ጭቃው እንደረጠበ ነው፣ ችግኞቹ ግን የተጠሙ ይመስላሉ፤ ወንዝ አጠገባቸው ቢያልፍ እንኳ የማይጠጡ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ የመጨረሻዋን ግንድ በጥፍሯ ጫር አደረገቻት። ውስጧ ቡናማ ነበር። ረቢአ ቅስሟ ተሰበረ። ስምንቱንም ገደለቻቸው፤ በእጇ፣ እየወደደች። ያን ዕለት ደግሞ እንድሪስ ሲያልፍ "ነገ ትራክተሩ ላይኛውን መሬት ማረስ ይጀምራል" አላት።

ከዓስር ሶላት በኋላ የመስጊዱን ኢማም ሼህ ሙሀመድኑርን ፈልጋ ሄደች። ሽማግሌው በጓሯቸው የጫት እግሮቻቸውን እየኮተኮቱ አገኘቻቸው።

"ሼሁ፣ ጥፋቴን ልነግርዎ ነው የመጣሁት" አለች። "አላህ የሙሄን ሰደቃ አልተቀበለውም። ውሻ የተኛበት አፈር ላይ የበቀሉ ነበሩ። አጠብኳቸው፤ ግን አንዱ ትጥበት አምልጦኝ ይሆናል።"

"ስንቴ አጠብሻቸው?"

"ሰባቴ። ስድስቱን በውሃ፣ አንዱን እንደ ደንቡ በአፈር።"

"በየትኛው አፈር?"

"በወንዙ ዳር፣ በንጹሑ።"

ሼሁ መኮትኮቻቸውን አስቀመጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሳቸው ግን የሴትዮዋን ፊት አይተዋልና አልሳቁም።

"ረቢአ፣ ውሻ የላሰው ዕቃ ይታጠባል ተባልን። ውሻ የተኛበትን መሬት እጠቡ ያለን ማን ነው? መንገድ ላይ ሆነን ውሃ ስናጣ ለሶላት የምንነጻው በምንድነው?"

"በአፈር" አለች ረቢአ ቀስ ብላ።

"ታዲያ አንቺን የሚያነጻሽን ነገር አንቺ ከምን ልታነጺው ነው?"

 ሼሁ ከአንዱ የጫት እግር ሥር አፈሩን በጣቶቻቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው አንድ ቀጭን ሥር ቆርጠው አወጡና ሰጧት። "እስቲ አራግፊው" አሏት። አራገፈችው። ብዙው አፈር ረገፈ፤ ሥሩን ዙሪያውን የሸፈነው ግን እንደ እጅጌ ተጣብቆ ቀረ። ደግማ አራገፈችው፤ አልለቅም አለ።

"አየሽ፣ ሌላው አፈር ሄደ፤ ይሄ ቀረ" አሉ ሼሁ። "አባቴ ይሄኛው ከሌላው አፈር አይቆጠርም ይለን ነበር። ሥሩ ከራሱ ጭማቂ ያበላዋል፤ እሱ ደግሞ ውሃውንና ምግቡን ለሥሩ ያቀብለዋል፤ ከበሽታም ይከልለዋል። ለዓይን የማይታይ ስንት ነፍስ አለው መሰለሽ! እነዚያ ነጫጭ ክሮች ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄደው የሚያመጡለት ናቸው። ይሄን ፈትገሽ ብታወጪው ሥሩ ይተርፋል፣ አፍ ግን የለውም። ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል።"

"እኔኮ ሻጋታ መስሎኝ ነው" አለችና ረቢአ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ እህቴ። ሐሳብሽ ንጹሕ ነበር፤ እጅሽ ነው የበዛው።"

በአዲሱ መንደር ወደ ተሠራላት ቤቷ ስትመለስ መምሸቱ ነበር። ለነገ ሊጥ ማቡካት ነበረባትና የእርሾ ዕቃዋን አወረደች። ክዳኑን ከፈት አድርጋ ቆማ ቀረች። ከዕቃዋ ሁሉ ታጥባው የማታውቀው አንድ ቢኖር ይህ ነበር። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ ሁልጊዜ ከፊተኛው ትንሽ ታስቀራለች፤ ያቺ ትንሽ የተረፈች ነገር ነች አዲሱን ዱቄት የምታነሳው። ማን አስተማራት? ማንም። ይህን ታጠቢው ቢሏት እብድ ትላቸው ነበር። ሙሄ በቅል ይዞት የመጣው፣ እሷ ደጅ ዘርግፋው እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ የለቀመው ይኸው ነው። አንዴም "አላዋቂ" አላላትም። ረቢአ ሊጡን ትታ አለቀሰች፤ በሞተ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም።

አንዲት ቀርታለች። ያቺ ኮስማና። ነገ ትራክተሩ ሳይደርስባት ካልደረሰች የሙሄ ነገር በምድር ላይ አለቀ።

ቅዳሜ የሱብሂን ሶላት እንደሰገደች የለበሰችውን ነጭ የሶላት ኩታ እንኳ ሳታወልቅ ዶማዋን አንስታ ወደ ተዳፋቱ ሮጠች። አምሳ ዓመት የሞላት ሴት ስትሮጥ ያየ ሁሉ ሰው ሞተ እንዴ ይላል። እሷ ጆሮዋን አልሰጠችም። ስትደርስ የትራክተሩ ድምፅ ቀድሟት ነበር። ብርቱካኗን ትናንት መሬቱ ለእርሻ ሲጠረግ በሰንሰለት ጎትተው ጥለዋታል፤ ሥሮቿን ወደ ሰማይ አንጋጣ ተጋድማለች። ከእያንዳንዱ ሥር ላይ አፈር ተንጠልጥሏል። በዚያ ሁሉ ኃይል ተጎትታ እንኳ አፈሩ አልለቀቃትም።

ውሻው እዚያ ነበር። አዲሱ መንደር አልገባ ብሎ ተመልሶ ጎድጓዳው ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከአፍንጫው አጠገብ ያቺ ችግኝ ስንዝሯን ይዛ ቆማለች። ቅጠሏ አረንጓዴ ነው። ረቢአ ከውሻው ጎን ተንበረከከች። ውሻው ቀና ብሎ አያትና አገጩን መልሶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

ትራክተሩ ጥግ ድረስ መጥቶ ቆመ። የሚነዳው ሸምሱ የሚባል የከሚሴ ልጅ ነበር።

"እናቴ፣ ተነሽ! ነዳጁ በልክ ነው የተሰጠኝ።"

"አንዲት ችግኝ ናት፤ አሁን አነሳታለሁ።"

"ለአንዲት ችግኝ ነው ሥራ የሚቆመው?"

"ለአንድ ሰው ነው" አለች ረቢአ። ዞር ብላም አላየችው።

ሸምሱ ምን እንደገባው እንጃ፣ ሞተሩን አጠፋው። በጸጥታው ውስጥ የዶማዋ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከግንዷ ራቅ አድርጋ ዙሪያዋን ቆፈረች፤ ሲቀርብ ዶማውን ጣለችና በእጇ ገባች። ነጫጮቹን ክሮች ስታይ እንዳይበጠሱ ትንፋሿን ያዘች። ጓሉ እንዳለ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ወጣላት። አቅፋው ተነሳችና ያኔ መያዣ አለማምጣቷ ትዝ አላት። ጓሉ ጫፍ ጫፉን መርገፍ ጀመረ። ረቢአ ግራ ቀኝ አላየችም። የሶላት ኩታዋን አውልቃ መሬት ላይ ዘረጋች፤ ማንም እንዲነካው የማትፈቅደውን፣ ለብቻው የሚታጠበውን፣ ለብቻው የሚሰጣውን። ጓሉን መሃሉ ላይ አኖረችና ከእናቲቱ ሥር የረገፈውንም አፈር እፍኝ እፍኝ እየዘገነች ጨመረችበት። ቋጥራ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

መስጊዱ ግቢ ስትደርስ ሰዒዳ አየቻትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያ ረቢ! ረቢአ፣ ኩታሽ!"

"ይታጠባል" አለች ረቢአ።

ሰጋጆች ውዱእ ከሚያደርጉበት ቦታ ሥር፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ ጉድጓዱን ቆፍራ ችግኟን ከነጓሏ አስቀመጠች። ከኩታው የተረፈውን አፈር አንዲት ቅንጣት ሳታስቀር አራግፋ ዙሪያዋን ሞላች። ሲያበቃ አዛን ተባለ። ማንቆርቆሪያዋን አምጥታ ችግኟ አጠገብ ቁጢጥ አለች። እጇን ዘርግታ ስታይ አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ጥቁር አፈር ገብቷል። ሙሄን በር ላይ አቁማ ሃያ ሁለት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው፣ "አደራችሁን" ብላ በአጣቢዎቹ ያስጠረገችው ያ አፈር ነው። ዛፏ ከበሩ አምስት እርምጃ ነበረች፤ እሷ ግን እጣቢውን ሁሉ ድንጋይ ላይ ስትደፋው ኖረች።

"ሙሄ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አለች ድምፅ አውጥታ።

ከዚያ ጥፍሯን አጠበች፤ ውሃው ችግኟ ሥር ላይ እንዲወርድ አጎንብሳ። ሰዒዳ ከኋላዋ ቆማ ትቆጥር ነበር። "ሦስት ብቻ? ዛሬስ አመመሽ እንዴ?"

"ሦስት ይበቃል" አለች ረቢአ። የቀረውን ውሃ ለችግኟ አፈሰሰችና ከሴቶቹ ረድፍ ገባች።

ከግንቦት ዝናብ በኋላ ችግኟ አዲስ ቅጠል አወጣች። ረቢአ ያን ዕለት ላይኛው ማሳ ዳር ድረስ ወጣችና እዚያው ለቀረው ውሻ ቁራሽ እንጀራ ጣለችለት።